የምሠራበት ጋዜጣ ለኢንቨስትመንት ድርጅት ተሸጠ፤ ማኅበር ምን ይረባናል?

ጥያቄ፦ ገጽ አዘጋጅ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልን ወገኖቼ። በአንድ የአካባቢ ዕለታዊ ጋዜጣ በገጽ ዝግጅት ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ጋዜጣው የአንድ ቤተሰብ ንብረት ሆኖ ቆይቶ በቅርቡ በርካታ ጋዜጦችን ለያዘ የኢንቨስትመንት ድርጅት ተሸጧል። አዲሶቹ ባለቤቶች ስለ ዜናው አንድም ቃል ሳይናገሩ መጀመሪያ ያደረጉት መሐል ከተማ ያለውን ሕንፃችንን ለገበያ ማቅረብ ነበር። የእኛ ክፍል ሥራ በሌላ ግዛት ወዳለ የጋራ ማእከል እንደሚዛወር በተወራ ማግስት ደግሞ፣ በፈቃዱ ለሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ዘጋቢዎቹ ማኅበር ለመመሥረት የድጋፍ ካርድ እያስፈረሙ ነው። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል፤ ቤተሰብም አለኝ። ጋዜጣው ከተሸጠ በኋላ ማኅበር መመሥረት የሚያድነው ነገር አለ? ወይስ ክፍያውን ተቀብሎ በሰላም መውጣቱ ይሻላል?

መልስ፦ የዴንቨር ነዋሪ

የገለጹት አካሄድ እኛ ከተማ በዓይናችን ካየነው ጋር አንድ ነው። «ሮኪ ማውንቴን ኒውስ» እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ከተዘጋ በኋላ ዴንቨር የቀራት ትልቅ ዕለታዊ ጋዜጣ «ዴንቨር ፖስት» ብቻ ነበር። እሱንም የያዘው አልደን ግሎባል ካፒታል የተባለው የኒው ዮርክ ሔጅ ፈንድ (የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስቦ ለትርፍ የሚያሠራ ድርጅት) ሲሆን፣ በ2018 ሌላ 30 ሠራተኞች እንደሚቀነሱ ሲነገር የጋዜጣው የአስተያየት ክፍል የራሱን ባለቤት በስም እየጠራ፣ ጋዜጣውን ለሚያስብለት ሰው እንዲሸጠው የሚጠይቅ ርእሰ አንቀጽ አወጣ። የክፍሉ አዘጋጅ ቸክ ፕለንኬት ሌላ ተመሳሳይ ጽሑፍ እንዳይወጣ ሲከለከል ሥራውን ለቀቀ፤ የዝግጅት ክፍሉም ከመሐል ከተማ ወጥቶ ከከተማው ውጭ ወዳለው ማተሚያ ቤት ተዛወረ። በዚያው ዓመት ከጋዜጣው የወጡ ጋዜጠኞች «ኮሎራዶ ሰን» የተባለውን የዜና ድርጅት መሠረቱ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለአንድ ነገር ነው። የዴንቨር ጋዜጠኞች ማኅበር አላቸው፤ ነገር ግን ቅነሳውን አላስቆመላቸውም። እንዲህ ያለ ገዢ የሚገዛው ሕንፃውን፣ የማስታወቂያ ገቢውንና ዋጋ ቢጨመርባቸውም የማይለቁ የቆዩ ደንበኞችን ነው። ይኸው ድርጅት በ2021 የ«ቺካጎ ትሪቢውን»ን አሳታሚ በ633 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ሲያበቃ፣ የፈቃደኛ ስንብት ጥሪው የወጣው በሁለት ቀን ውስጥ ነበር። የእርስዎም ደብዳቤ የመጨረሻው እንደማይሆን ቢገምቱ መልካም ነው።

መልስ፦ ኮምቦልቻ

ከዴንቨሩ ወንድማችን ሐሳብ በአንዱ አልስማማም። ችግሩን ሁሉ ለሔጅ ፈንድ መስጠት ልክ አይደለም፤ የፒትስበርጉ «ፖስት ጋዜት» ለዘመናት የብሎክ ቤተሰብ ንብረት ሆኖ የኖረ ነው፤ በሠራተኞቹ ላይ የደረሰው ግን ከዚያ የሚከፋ እንጂ የሚሻል አይደለም። ባለቤቱ በ2020 ከጋዜጠኞቹ ማኅበር ጋር ያለው ድርድር ወደ ፊት አይሄድም ብሎ የራሱን የሥራ ሁኔታ ጫነባቸው። በጥቅምት 2022 መጀመሪያ የኅትመትና የሥርጭት ሠራተኞች በጤና መድን ምክንያት፣ ቀጥሎም ጋዜጠኞቹ ሥራ አቆሙ። ጋዜጠኞቹ አድማውን የወሰኑት በ38 ለ36 ድምፅ ስለነበር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ የኖሩ ባልደረቦች ከሁለት ተከፈሉ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። አድማው ከሦስት ዓመት በላይ ዘልቆ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2025 ለማኅበሩ ፈርዶ ወደ ሥራ ተመለሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 2026 ውሳኔውን አላግድም ባለበት ዕለት ግን ባለቤቱ ጋዜጣው እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 2026 እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ስለዚህ ካርዱን ይፈርሙ፤ ነገር ግን ሕግ ቢፈርድልዎትም ባለቤቱን አትም ብሎ ማስገደድ እንደማይቻል አውቀው ይግቡበት።

መልስ፦ የሠራተኛ ጉዳይ

ወንድሜ፣ ብዙዎቻችን አገር ቤት የለመድነውን ሕግ ይዘን ስለምንመጣ የምንሳሳትበት ቦታ አለ። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የድርጅት ባለቤትነት መተላለፉ ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም፤ የሥራ ስንብት ክፍያም በሕግ የተቆረጠ ነው። የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ ግን ሁለቱንም አይሰጥም። ማኅበር የሚጠቅመው ይህን ክፍተት በኅብረት ስምምነት ለመሙላት ነው፤ ማን አስቀድሞ እንደሚቀነስ፣ ለአንድ የአገልግሎት ዓመት ስንት ሳምንት እንደሚከፈል፣ የጤና መድኑ እስከ መቼ እንደሚቀጥል የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው።

በስምምነቱ ውስጥ ወደፊት የሚመጣ ገዢም እንዲገደድበት የሚያደርግ አንቀጽ እንዲገባ አጥብቃችሁ ጠይቁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 እንደወሰነው፣ ንብረቱን የገዛ አዲስ ባለቤት አብዛኛው የሰው ኃይሉ ከቀድሞው ድርጅት የመጣ ከሆነ ከማኅበሩ ጋር መደራደር ቢኖርበትም፣ የቀድሞውን ስምምነት እንዳለ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ካርድ በመፈረምዎ ሊያባርሩዎት ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ማኅበሩ ይወክለን ወይስ አይወክለን የሚል የሠራተኞች ምርጫ ለመጠየቅ ከሠራተኛው 30 በመቶ ፊርማ ይበቃል ቢባልም፣ በዚያ ቁጥር ብቻ ወደ ምርጫ መግባትን አልመክርም።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ደብዳቤው ግን በአሥር ቀን ውስጥ ፈርሜ እንድመልስ ነው የሚለው። ካርዱን መፈረም ክፍያውን ያስቀርብኛል?

መልስ፦ የሠራተኛ ጉዳይ

አያስቀርብዎትም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሥር ቀን የሚለው ግን አጠራጥሮኛል። ዕድሜው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሠራተኛ ከዕድሜ መድልዎ የሚጠብቀውን መብት በፊርማው እንዲተው ሲጠየቅ፣ ጥሪው ለብዙ ሰዎች በአንድነት የቀረበ ከሆነ ቢያንስ 45 ቀን እንዲያስብበት፣ ከፈረመም በኋላ በ7 ቀን ውስጥ ሐሳቡን እንዲለውጥ ሕጉ ይፈቅዳል። ደብዳቤው ላይ መብትን ስለ መተው የሚናገር አንቀጽ ካለ፣ ከመፈረምዎ በፊት ለሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ ያሳዩት፤ የአንድ ጊዜ ምክር ከሚያጡት ገንዘብ በጣም ያነሰ ነው።