የካትሴ ውሃ መጀመሪያ ለማን?

ጠያቂው፦ ሌሶቶ ተራሮች መሀል 185 ሜትር ከፍታ ያለው የካትሴ ግድብ አለ። ውሃው በዋሻ ተጉዞ ደቡብ አፍሪካ ይገባል። ከሐይቁ አፋፍ ባሉ መንደሮች ግን ዛሬም ባልዲ በራሷ ተሸክማ ምንጭ የምትወርድ ልጅ አለች። ወደ ውጭ ከሚሄደው ተቀንሶም ቢሆን መጀመሪያ ለመንደሮቹ ይድረስ?

የሕግ ተማሪዋ፦ ውል ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለት መንግሥታት ፈርመዋል። ሌሶቶ ለውሃው ሮያሊቲ የሚባል ክፍያ ትቀበላለች፤ ሙኤላ በተባለው ጣቢያም 72 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ከገቢው ቧንቧ መዘርጋት የሌሶቶ መንግሥት ሥራ ነው።

ጎጃሜው፦ የፈረሙት እኮ በዚያው ዓመት በመፈንቅለ መንግሥት የመጡ ወታደሮችና የአፓርታይድ መንግሥት ናቸው! ገበሬውን ማን ጠየቀው? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ሐይቁ ያለው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ መንደሮቹ ከላይ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ውሃው በራሱ ቁልቁል ይወርዳል። ወደ መንደር ግን በፓምፕ ሽቅብ ይገፋል፤ ማጣሪያም ይፈልጋል። ለጥቂት ጎጆዎች አያዋጣም። ከመንደሩ በላይ ያለ ምንጭ አጎልብቶ ማውረድ ይሻላል። ደግሞ እነሱ የሚጠጡት ከሚሸጠው አንጻር ኢምንት ነው። ምንም መቀነስ አያስፈልግም።

ጎጃሜው፦ ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምንጩስ ቢደርቅ? ሐይቁ ሲሞላ መሬት ተንቀጥቅጦ ማፔሌንግ መንደር ተሰንጥቋል።

ከፍሪ ስቴት (ደቡብ አፍሪካ)፦ እኛንም አስቡን እንጂ። ውሃው ከዋሻው ወጥቶ አሽ ወንዝ ይገባል፤ እንደ እኛዋ ቤተልሔም ያሉ ከተሞች ከዚያ ነው የሚቀዱት። በኦክቶበር 2024 ዋሻው ለጥገና ሲዘጋ ስጋቱ የኛ ነበር። እዚህም ድሃ አለ።

የሕግ ተማሪዋ፦ ሌሶቶ ለራሷም ገድባለች እኮ። የሜቶሎንግ ግድብ ዋና ከተማዋን ማሴሩን፣ ሮማና ሞሪጃ የሚባሉትን ከተሞችም ያጠጣል።

ጎጃሜው፦ እሱም ለከተማ!

ኢንጂነሩ፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ ወንድሜ። አሁን ፖሊሃሊ የሚባል ሌላ ግድብ እየተሠራ ነው። ሐይቁ ሳይሞላ በየመንደሩ ቦኖ ይተከል። የማስተላለፊያውን ወጪ ደቡብ አፍሪካ አይደለች የምትሸፍነው? አብሮ ይታሰብባት።

የሕግ ተማሪዋ፦ ተከላውስ ይሁን። ቦኖው ሲሰበር በየዓመቱ ማን ይጠግነዋል? እሱን ንገሩኝና እስማማለሁ።