የውሃ ቁንጫዬን ጂን የቀሰቀሰው ፕላስቲኩ ነው?

ሐይቅ ዳር
ሰላም ለሁላችሁም። ከዝዋይ ሐይቅ ዓሦች ሆድ ፕላስቲክ መገኘቱን ካነበብኩ ወዲህ የማስተርስ ጥናቴን በደቃቅ ፕላስቲክ ላይ አደረግኩ። ዳፍኒያ ማግና የምትባለውን የውሃ ቁንጫ 1 ማይክሮሜትር የፖሊስታይሪን ቅንጣት ባለበት ውሃ ውስጥ ለ48 ሰዓት አቆያታለሁ። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አንጀቷ በቅንጣት ሲሞላ በማይክሮስኮፕ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አርኤንኤ (ጂን ሲሠራ የሚወጣውን ቅጂ) አውጥቼ ብዛቱን በፒሲአር ስለካ ጂኤስቲ የሚባለው ጂን ሥራው ጨምሯል። አማካሪዬ "ፕላስቲኩ ጂኑን ቀሰቀሰው ብለሽ ጻፊ" ይሉኛል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። አንጀት ውስጥ የተቀመጠ ነገር ጂንን እንዴት ያዛል?

ትል አርቢ
ሴል ውስጥ መግባት የግድ አይደለም። የአንጀት ሴል ሲጎዳ ኦክሲጅን ያዘሉ ጎጂ ሞለኪውሎች ይበዙበታል። ያኔ አንድ ፕሮቲን ወደ ኒውክለስ ገብቶ የመከላከያ ጂኖችን ያስነሳል። እኔ በማረባት ሲ ኤሌጋንስ ትል ስሙ ኤስኬኤን-1 ነው፤ ሰው ላይ ኤንአርኤፍ2። ጂኤስቲም ከሚነሱት አንዱ ነው። ጨመረ ማለት እንስሳዋ ተጨንቃለች ማለት ነው። ማን አስጨነቃት የሚለውን ግን አይነግርሽም።

ጋሽ ፒፔት
እህቴ፣ መጀመሪያ የቅንጣቱን ጠርሙስ መግለጫ አንብቢ። ከፋብሪካ የሚመጣ ፖሊስታይሪን ብዙ ጊዜ እንዳይበላሽ ሶዲየም አዛይድ ይጨመርበታል። አዛይድ የሴልን አተነፋፈስ የሚያግድ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ዳፍኒያዎቹን የጎዳው በዋናነት ይኸው ማቆያ ሆኖ ተገኝቷል። ስንቱ ጽሑፍ ይህን ሳያጣራ እንደወጣ እግዜር ይወቀው! ቅንጣቱን በዳያሊሲስ፣ ማለትም መርዙን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ከረጢት ውስጥ አድርገሽ፣ እጠቢ። ከዳፍኒያዎቹ አንዱን ጎራ ደግሞ ቅንጣት በሌለው የጠርሙሱ ፈሳሽ ብቻ አቆዪ።

ሁለተኛው ረሃብ ነው። አንጀቷ በማይፈጭ ነገር ከተሞላ አልጌው ቦታ የለውም፣ ረሃብ ብቻውን ደግሞ ብዙ ጂን ይለዋውጣል። ስለዚህ በመጠንም በብዛትም ተመጣጣኝ የሆነ ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) የሚሰጠው ጎራ ያስፈልግሻል። ካኦሊኑም ጂኤስቲን እኩል ካስነሳው ፕላስቲክነቱ አይደለም ጉዳዩ። በነገራችን ላይ አይለዋወጥም ብለሽ የያዝሽው ማነጻጸሪያ ጂን አክቲን ብቻ ከሆነ ሌላ ጂን ጨምሪ፤ እሱም በጭንቀት ይዋዥቃል።

ሐይቅ ዳር
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ስለ አዛይዱ የነገረኝ አልነበረም። አንድ ነገር ልጨምር፦ አማካሪዬ የልጅ ልጆቿንም ለክቼ "ኤፒጀኔቲክ ውርስ" (ዲኤንኤው ሳይለወጥ የጂን አሠራር ለውጥ ለዘር መተላለፉ) እንድል ይፈልጋሉ።

ትል አርቢ
የልጅ ልጅ አይበቃም። እናቲቱ ፕላስቲክ ውስጥ ስትዋኝ ጽንሶቹ ጀርባዋ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ናቸው። በጽንሶቹ ውስጥ ደግሞ የነገዎቹ እንቁላሎች መነሻ ሴሎች አሉ። ስለዚህ ፕላስቲኩ ሦስቱንም ትውልድ በቀጥታ ነክቷል። ውርስ ማለት የምትችዪው ከቅድመ ልጅ ልጅ ጀምሮ ነው። ደግነቱ ዳፍኒያ ሁኔታው ሲመቻት ያለ ወንድ ስለምትራባ ሁሉም አንድ ዓይነት ዲኤንኤ አላቸው፤ ልዩነት ካየሽ በዘር ልዩነት አታመካኚም።

ሐይቅ ዳር
ካኦሊኑን ከየት ላምጣ? ከውጭ ማዘዝ ወራት ይፈጃል።

ጋሽ ፒፔት
ጉጂ፣ ቦምቦዋ ላይ ይወጣል። ግን እንዳለ አትጠቀሚው። እጠቢው፣ ውሃ ውስጥ አዝቅጪው፣ ሳይዘቅጥ የቀረውን ደቃቁን ብቻ ቅጂ፣ መጠኑንም በማይክሮስኮፕ ለኪ።