ደብተሩ ላይ ፊርማ እንጂ መልስ አላገኘሁም፣ ምን ላድርግ?
ሰላም፣ በተለይ ለመምህራን። አራት ኪሎ አካባቢ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቹ ምን እንደተማሩ፣ የቱ ጋ እንደከበዳቸው ለወላጆች በየሳምንቱ ማሳወቅ እፈልጋለሁ። ግን መንገዱ ጠፋኝ።

የቴሌግራም ግሩፕ አለን። የቤት ሥራ ስለጥፍ በ«መልካም በዓል» ስቲከር ይዋጣል። የአንድን ልጅ ድክመት ደግሞ እዚያ አልጽፍም፣ ነውር ነው። የኮሙኒኬሽን ደብተሩም ተፈርሞ ብቻ ይመለሳል።

ከአያቷ ጋር የምትኖር ተማሪ አለችኝ። «ቱ»ን «ቲ» እያለች ታነባለች። ይህንኑ ደብተሯ ላይ ጻፍኩ። ለካ እማማ ፊደል አልቆጠሩም፤ የምታነብላቸው ራሷ ልጅቷ ናት!

በኮሪደር ልማቱ ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ የሄዱ ወላጆችም አሉ። ልጆቹን ሰርቪስ ስለሚያመጣቸው በር ላይ አላገኛቸውም። የሴሚስተሩ ካርድ እስኪሰጥ ከጠበቅን ደግሞ ረፍዷል።

ለየቤተሰቡ አጭር የድምፅ መልእክት ልልክ አሰብኩ። ግን ከ50 በላይ ተማሪ ይዤ እንዴት ልቻለው? በተራ በተራ የሚያደርግ አለ? ማንበብ ለማይችሉ አሳዳጊዎችስ ምን ሠራላችሁ? እማማ ተራ የቁልፍ ስልክ አላቸው። ልደውል ወይስ ላስጠራቸው? «ትምህርት ቤት ይፈልግዎታል» ከተባሉ፣ ልጅቷ ያጠፋች መስሏቸው እንዳይደነግጡ እፈራለሁ።