የቤት ማኅበራችን የግቢ ሥራ ዕቅድ ረቂቅ፦ እስከ እሑድ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ለወረዳ የምናስገባው ማመልከቻ ከዚህ ነው የሚወጣው፤ አሁን አንብባችሁ ተናገሩ። እንደ አምናው ከተፈረመ በኋላ «እኔ አላየሁትም» የሚል እንዳይመጣ። ዋናው ሥራ የጎርፍ ቦዩ ነው። ከላይኛው ረድፍ ጀርባ ተነስቶ በቤት 38 ጥግ ይወርድና ከዋናው መንገድ ቦይ ጋር ይገናኛል፤ 180 ሜትር ነው። መንገዱን ስለምንነካ ፈቃድ ይፈልጋል። ከዚያ በየቤቱ ዙሪያ የሲሚንቶ ንጣፍ፣ የግቢው በር፣ የጥበቃ ቤት፣ በመግቢያው ግራና ቀኝ ስምንት ጃካራንዳ። መዋጮ በቤት 25,000። ለ40 ቤት አንድ ሚሊዮን ይሆናል። ቁፋሮው ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት።

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ሚሊዮኑ ወረቀት ላይ ነው። እስከ ዛሬ የከፈለው 23 ቤት ነው፣ 575,000። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ቤት 31፦ ስለ ቦዩ ልናገር፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ተጨቃጨቁ። ሰፈሩ ቱሉ ዲምቱ (በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ) ይባል እንጂ ቀይ ኮረብታው ሌላ ቦታ ነው፤ እኛ የተቀመጥነው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቤት የሚሰነጥቀውም ይሄ ማበጥና መኮማተር ነው፣ በተለይ አንዱ ጥግ እርጥብ ሆኖ ሌላው ሲደርቅ። ጥቁሩን ቆርጣችሁ አውጥታችሁ ሰሌክት (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) የሞላችሁ ትንሽ ተንፍሱ። «ብር ይበዛል» ብላችሁ በላዩ ላይ ድንጋይ የደረደራችሁ ግን (ብዙ ናችሁ፣ አይቻለሁ) ያላችሁ መድኃኒት አንድ ነው፦ ውሃውን ከመሠረቱ ማራቅ። የአሸንዳው ቱቦ ግድግዳ ሥር እንዳያራግፍ። ንጣፉ ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር ይውጣ፣ ወደ ውጭም ያዘንብል። ቦዩ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሜትር ዝቅ ካላለ ውሃ አይሄድበትም፣ የትንኝ ገንዳ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሌቭል (የመሬቱ ከፍታ ልክ) ሳይነሳ አንድ ዶማ እንዳይነሳ።

ቤት 5፦ ሰርቬየር የአክስቴ ልጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከነመሣሪያው ይዤው እመጣለሁ፤ ይህን በኔ ጣሉት።

ቤት 9፦ ጃካራንዳ የሚለውን ማን ነው ያስገባው? ማንን አማከራችሁ?

ቤት 14፦ እኔ ነኝ። ያምራል። ሲያብብ መግቢያው ሐምራዊ ይሆናል፣ እንግዳ ሲመጣ «የነማን ግቢ ነው» ይላል።

ቤት 9፦ ሲያብብ ያምራል፣ ሲረግፍስ? መኪና ላይ ተለጥፎ ሲበሰብስ የሚያጥበው ማን ነው? ደግሞ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው። አገር በቀል ስንት እያለ! ቁንዶ በርበሬ ይተከል።

ቤት 27፦ ቁንዶ በርበሬም ከደቡብ አሜሪካ ነው የመጣው።

ቤት 9፦ አያቴ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር እኮ።

ቤት 27፦ አያትህ ደጃፍ ላይ ስለነበረ አገር በቀል አይሆንም። በዚህ አያያዝ ባህር ዛፍም ሐበሻ ነው።

ቤት 12፦ ልጆቼ፣ ወይራ ትከሉ። ዕቃ ይታጠንበታል፣ ጥላ ይሆናል፣ ቅጠሉም አይረብሽ።

ቤት 14፦ እትዬ፣ ወይራ ሲያድግ እኛ የለንም።

ቤት 12፦ እናንተ ባትኖሩ ልጆቻችሁ አሉ። ቤቱን የሠራችሁት ለማን ነው?

ቤት 17 (ዲሲ)፦ ይቅርታ፣ እዚህ ሌሊት ነው። ዛፉን ተዉትና በመንገዱ ዳር ሣር አድርጉት፣ እንደ ምንጣፍ የሚሆነውን። ፎቶ ልኬያለሁ።

ቤት 22፦ እህቴ፣ ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ሮቷችን ለድስት አልበቃ ብሎ አንቺ ሣር አጠጡ ትያለሽ። ሣሩን በቪዲዮ ነው የምታዪው።

ቤት 17 (ዲሲ)፦ መዋጮዬን መጀመሪያ የከፈልኩት እኔ ነኝ። የከፈለ ሰው አይናገርም?

ገንዘብ ያዥ፦ እውነቷን ነው፣ መጀመሪያ የገባው የሷ ነው። ቤት 22 እስካሁን የለም።

ቤት 26፦ ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣ፣ ነገ ልስን ልጀምር ነው። ሲሚንቶው ኦፒሲ ይሻላል ፒፒሲ?

ቤት 31፦ ለልስን ፒፒሲ ይበቃሻል። ኦፒሲውን ለኮለን (ለምሰሶው) እና ለሶሌታ (ለኮንክሪት ወለሉ) አስቀምጪው። ሲሚንቶ ያለበትን ሁሉ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ አጠጪ፤ ግንበኛው «ደርቋል» ቢልሽ አትስሚው። አሁን ወደ ዛፉ፤ ዛፉ ከአፈሩ የተለየ ነገር አይደለም። በጥቁር አፈር ላይ ትልቅ ዛፍ ግድግዳ ሥር ከተተከለ ሥሩ ውሃውን ይመጥጣል፣ አፈሩ በዚያ በኩል ይኮማተራል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ዛፉ አድጎ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከቤት መራቅ አለበት። ጃካራንዳም ቢሆን ወይራም ቢሆን፣ መግቢያው ላይ ካሉት ከቤት 1 እና ከቤት 40 ግድግዳ ሥር ይራቅ ነው የምለው። ዋነኛው ጠጪ ደግሞ ባህር ዛፍ ነው።

ቤት 23፦ እግዚአብሔር ይስጥህ ኢንጂነር። የጓዳዬ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀው ለምን እንደሆነ ሁለት ዓመት ስጠይቅ ነበር። አጥሬ ላይ ስድስት ባህር ዛፍ ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ቤት 22፦ ተጀመረ። ባህር ዛፉ ከናንተ በፊት እዚያ ነበር። ቦታው ሲሰጠን ነው ያገኘሁት። አንድ ግንድ ለእስካፎልዲንግ ስንት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ? ብሩን ማን ይከፍለኛል?

ቤት 23፦ ግድግዳዬንስ ማን ይከፍለኛል?

ቤት 22፦ ግድግዳህን የሰነጠቀው ሰሌክት ሳትሞላ ማሳነጽህ ነው። አይቼሃለሁ። ሁለት ሲኖትራክ ብቻ ነው የመጣልህ።

ቤት 23፦ የኔን መኪና ከመቁጠር መዋጮህን ክፈል።

ጸሐፊ፦ ይህን ሁለታችሁ በውስጥ ጨርሱት። በግንባር ተገናኙ፣ ጎረቤት ናችሁ።

ቤት 27፦ ለነገሩ ባህር ዛፍ የገባው በምኒልክ ጊዜ ማገዶ ስለጠፋ ነው። ዛሬ ምጣዱ ኤሌክትሪክ ነው፣ ሰበቡ አልቋል።

ቤት 22፦ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ እኔ ጋ እንዳትመጣ።

ቤት 12፦ ዝም በሉ አሁን። ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ። አንድ ነገር ረስታችኋል፤ የዕድሩ ድንኳን የት ነው የሚተከለው? ባለፈው ለቅሶ ሰው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ራሴ ጫማዬን ከጭቃው ለማውጣት ሁለት ሰው ነው የረዳኝ። ቤት 38 ጥግ ያለው ባዶ ቦታ ኮንክሪት ቢፈስበት ለሠርግም ለሐዘንም ይሆናል።

ቤት 9፦ እትዬ ትክክል ናቸው። ይህ ከዛፉም ከቦዩም ይቀድማል።

ቤት 14፦ ድንኳን ያለ ጥላ አይሆንም፣ ዙሪያውን ጃካራንዳ።

ቤት 9፦ ጃካራንዳ አትበለኝ።

ቤት 31፦ ቤት 38 ጥግ ቦዩ የሚወርድበት ነው። እዚያ ሶሌታ ከፈሰሰ ውሃው በየት ይሂድ?

ቤት 38፦ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ቦዩም ድንኳኑም የኔ በር ላይ ነው። ለቅሶ ሲሆን በሬን ማን ይከፍትልኛል?

ጸሐፊ፦ ቦዩ ትንሽ ጠምዘዝ ቢል ይቻላል። ኢንጂነር፣ ቅዳሜ ሌቭል ሲነሳ ይታያል።

ገንዘብ ያዥ፦ ቅዳሜ አለፈ። ሰኞ ነው። ቤት 5፣ የአክስትህ ልጅ የት ደረሰ?

ገንዘብ ያዥ፦ ቤት 5?

ቤት 26፦ ትናንት ጀሞ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው።

ጸሐፊ፦ እሑድ የተገኘነው 14 ሰው ነበርን፣ ድምፅ ተሰጥቶበታል። የተሻሻለው ረቂቅ ይህ ነው። የግቢው በር ባለ ሁለት ክፍል ሆኖ ይሠራል፤ ቤት 38 ጥግ ለድንኳን የሚሆን ሶሌታ ይፈስሳል፤ በመግቢያው አራት ወይራና አራት ቁንዶ በርበሬ ይተከላል፤ ችግኙ በሐምሌ ዝናብ ይተከል ተብሏል፣ ጉድጓዱ ከአሁኑ ተቆፍሮ ፍግ ይግባበት። የቤት ዙሪያ ንጣፍ እያንዳንዱ በራሱ ወጪ። ቦዩ ጥናት ስለሚያስፈልገው ወደ ሁለተኛው ዙር ተላልፏል።

ቤት 31፦ ቦዩ ነበር እኮ ማመልከቻ የሚፈልገው። ለበርና ለችግኝ ወረዳ ለምን እንሄዳለን?

ጸሐፊ፦ ለሶሌታው ሊጠይቁን ይችላሉ፣ ለማንኛውም እናስገባው።

ቤት 31፦ ጥሩ። ስድስት ቀን ጠበቅሁ። እኔ በራሴ ቤት ዙሪያ ዛሬ ጠዋት ማስቆፈር ጀምሬያለሁ። ተዳፋቱ ያለው ወደ ቤት 33 ስለሆነ ውሃው ወደዚያ ይወጣል። ጋሼ፣ ካልተስማማዎት ይንገሩኝ።

ቤት 33፦ ምን አልክ?

ቤት 33፦ ኢንጂነር፣ ምን አልክ አሁን? መጣሁ፣ ቆፋሪዎቹን ጠብቁኝ በላቸው።

ቤት 14፦ አንድ ነገር ላሳውቅ። ረቂቁ ያልፋል ብዬ ስምንቱን ጃካራንዳ ገዝቼ ነበር። ደረሰኙ አለ። ማኅበሩ ይክፈለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ በየትኛው ቃለ ጉባኤ?

ቤት 14፦ ከጥበቃው ጋር አስቀምጫቸዋለሁ። ፌስታላቸው ውስጥ እየደረቁ ነው። እስኪወሰን ድረስ ውሃ የሚያጠጣቸው ሰው ይመደብ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥበቃውን ጠይቄዋለሁ። «የተቀጠርኩት ለሌባ ነው» ብሏል።