የራታሎስ ክንፍ ታጥፎ መጣ፤ በምን ላቅናው?

ጥያቄ፦ ሚኪ፣ ቀበሌ 14

ሰላም ለሁላችሁ። ዱባይ ያለችው አክስቴ ሞንስተር ሀንተር የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ጭራቆች ትንንሽ ቅርጽ ያለባቸው ሳጥኖች ላከችልኝ፤ ሳይከፈት የትኛው እንደሚወጣ የማይታወቀውን ዓይነት። ቲግሬክስ ሁለት ጊዜ ወጣብኝ። የራታሎስ ቀኝ ክንፍ ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ በእጄ ላቅናው ብል እንዳይሰበር ፈራሁ። ከሌላ ሰው የተገዛው አሮጌ ዚኖግሬም ሲነኩት ያጣብቃል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሰላም፣ ፖሊ ግቢ

ሚኪዬ፣ ክንፉን በደረቁ እንዳትነካው። ቁሱ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ ይረጋል። ከትከሻው የሚነቀል ከሆነ ነቅለህ ብቻውን ሥራው። ውሃ አፍላና ከእሳት አውርደህ ትንሽ አብርደው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ እሱም ቢሆን ለቀጭን ክንፍና ለቀንድ ይበዛል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ንከረው፣ በጨርቅ ይዘህ ቀስ ብለህ አቅናው፣ እንደያዝከው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው። በደንብ ሳይቀዘቅዝ ከለቀቅከው ተመልሶ ይታጠፋል። በአንዴ ካልቀና ደጋግመው እንጂ በጉልበት አትግፋው። ፀሐይ ላይ አስጥተው የሚያለሰልሱ አሉ፤ እኔ በፍጹም አልመክርም፣ የኛ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል።

መልስ፦ ጋሽ ደምስ፣ አባይ ማዶ

ልጄ፣ የሚያጣብቀው ቆሻሻ ላይሆን ይችላል። ፒቪሲን ለስላሳ እንዲሆን የሚጨመርበት ነገር ከጊዜ ብዛት ወደ ላይ ይወጣል፤ ሙቀትና የታፈነ ቦታ ያባብሰዋል። ለብ ባለ ውሃ ላርጎ ጠብ አድርገህ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ተጠቀምና ጥላ ላይ አድርቀው። ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አታስጠጋው፣ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ከወራት በኋላ ደግሞ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔም ማጠብ ነው። በፌስታል ጠቅልለህ በተለይ በሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ አትተወው።

ሚኪ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ክንፉም ይነቀላል፤ ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። ድጋሚ ሌላ ቲግሬክስ እንዳይመጣብኝስ ዘዴ አለው? ሳጥኑን በሚዛን ይለያሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ሐና፣ ግሽ ዓባይ

ሚዛኑን አትመነው። ማቆሚያውና ተገጣጣሚ ክፍሎቹ አብረው ስለሚመዘኑ የሁለት ጭራቆች ክብደት ሊቀራረብ ይችላል። የሚሻለው አክስትህ አንዳንድ ሳጥን ከምትለቅም ሻጩ ያልከፈተውን ሙሉ ካርቶን ብትገዛ ነው፤ በብዙዎቹ የምርት ዙሮች ድግግሞሹ ያንሳል። ብርቁ ቅርጽ ግን በሙሉ ካርቶንም ላይወጣ ይችላል። ሳጥኑ ላይ የጨዋታው ሠሪ የካፕኮም ስም መኖሩን ታረጋግጥ፤ ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም ቀለሙ ከመስመር የወጣ ከሆነ ፎርጅድ ነው ብላ ትጠርጥር።

ራታሎስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ያለ ጭራቅ ስለሆነ ቅርጹ እየተደጋገመ ይሠራል፤ ክንፉ ባይቀናልህ ሌላ ታገኛለህ። የተረፈህን ቲግሬክስ ግን ለማንም አትስጥብኝ! ናርጋኩጋ ሁለት አለኝ፣ እንቀያየር።

ሚኪ፦ እሺ እህቴ። ገና አልገጣጠምኩትም፣ ከነክፍሎቹ እሑድ ከሰዓት ይዤልሽ እመጣለሁ።