ርግቦቼ በሁለት ውድድሮች መሃል ባለው ጊዜ ደከሙብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። ለገጣፎ ነው የምኖረው፤ 14 የውድድር ርግቦች አሉኝ። ከሰፈር ልጆች ጋር በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከሸኖ እየለቀቅን እናወዳድራለን።

ችግሬ ከአንዱ ውድድር እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ በካርቶን አድርጌ በሚኒባስ ሰንዳፋ ድረስ ወስጄ እለቃቸዋለሁ። (ረዳቱ ለካርቶኑም የሰው ሒሳብ ይቀበለኛል፣ እሱን ተዉት።) ወደ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በፊት በርረው ቤት ለመድረስ 20 ደቂቃ አካባቢ ይበቃቸው ነበር። አሁን 50 ደቂቃ ይፈጃሉ፤ ደርሰውም ቶሎ አይገቡም።

በጣም ያሳሰበችኝ ግራጫዋ ናት። ሐሙስ ዕለት ቆርቆሮው ላይ አርፋ፣ ቀኝ ክንፏን ጣል አድርጋ፣ የእህሉን ጣሳ ሳንኳኳላት ዝም ብላ ታየኛለች። ወትሮ እኮ ቀድማ የምትገባው እሷ ነበረች! ስይዛት የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስል ሆኗል። ኩሷ ግን ደህና ነው፣ ውሃም ትጠጣለች።

እንዳይከብዱ ብዬ በቆሎና አተሩን ቀንሼ ገብስ ያበዛሁት እኔው ነኝ። ጥፋቱ እዚያ ይሆን? ጓደኛዬ «ሰንፈው ነው፣ ልምምድ ጨምርባቸው» ይለኛል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሰሞኑን ጭልፊትም አይጠፋም፤ ፈርተውም ሊሆን ይችላል።

ከሸኖ ሲመለሱ ስንት ቀን ታሳርፏቸዋላችሁ? በቆሎውን የምመልሰው ውድድሩ ስንት ቀን ሲቀረው ነው? ግራጫዋንስ የፊታችን እሁድ ላስቀራት? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ማክሰኞ ሳይደርስ።