ልጄ ጫትና አረቄ ጀምሯል፤ ጎንደር ውስጥ ማንን ላማክር?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት እየቀረ ጫት ቤት ይውላል። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» እያሉ አረቄ ይጠጣሉ። ሌሊት አይተኛም፣ ጠዋት አይነሳም፣ እህል አይቀምስም። ቤት ውስጥ ብር ማስቀመጥ ትተናል።

በሕጉ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው። ሻጯን ሄጄ ብጠይቃት «ለአባቱ መስሎኝ» አለችኝ። ወይ ጉድ!

አባቱ በዱላ ካልሆነ አይመለስም ባይ ነው። እህቴ ፀበል ትላለች። ፀበሉን አልጠላም፤ ግን ሐኪምም ቢያየው ደስ ይለኛል። የአእምሮ ሕክምና ስለው «እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ በሩን ዘግቶብኝ ወጣ።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ልጁ ባይመጣም እኔን ብቻዬን ያማክሩኛል? በዚህ ያለፋችሁ ወላጆችስ ወሬውን ከልጃችሁ ጋር በምን ጀመራችሁት? የኪስ ገንዘብ ብከለክለው ይጠቅማል ወይስ ወደ ስርቆት ይገፋዋል? ለመምህሩ ልንገር ብዬም እንዳያባርሩት ፈራሁ።